ሹፌሩ ማነው

"አቁሙ፣ አቁሙ፣" ይላል ጣሃ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ፣ ጆሮ ማዳመጫውን ወደ አንገቱ እያወረደ። "መኪናው ተመልሷል።"

ለአራተኛ ጊዜ እኮ ነው። ኩኩ ከማይኩ ዞር ብላ ወንበሩ ላይ ዘጭ ትላለች፤ ታላቅ እህቷ ራሄል ደሞ ሮጣ ቬንትሌተሩን ታበራለች። ሲቀረፅ ይጠፋል፣ ሲቋረጥ ይበራል፣ ከጠዋት ጀምሮ ሥራቸው ይሄው ነው። ግድግዳው ላይ የተመታው ስፖንጅና ብርድ ልብስ የአዋሽን ሙቀት እቅፍ አድርጎ ይዞታል።

ደጅ የሚያጓራው መኪና የአባታቸው የደጀን አይሱዙ ነው፤ ቀረጻው ሲያልቅ ወደ ሰመራ ይዟቸው ሊመለስ ይጠብቃል። ሞተሪኖው ከሞተ ሳምንቱ። አንዴ ከጠፋ ሰው ካልገፋው አይነሳም፣ ላዩ ላይ ደሞ ሰመራ የሚጠበቅ ቲማቲም ተጭኗል። በዚህ ሙቀት የቆመ ቲማቲም ምን እንደሚሆን ማንም አያጣውም። ስለዚህ ሞተሩ አይጠፋም።

"ራቅ ብለህ ጠብቀን ብዬው ነበር፣" ትላለች ኩኩ። "እሺ ብሎ ይሄዳል፣ ደሞ ይመለሳል።"

"እኔ ከነገ ወዲያ ጭፍራ ከተማ ነኝ፣ ዛሬ ካላለቀ በቃ፣" ትላለች ራሄል፣ ቀሚሷን እያራገበች። እዚያ መምህርነት ልትጀምር ነው። ሰመራ ውስጥ ሁለቱ ያልዘፈኑበት ሰርግ የለም። ኩኩ ታወጣለች፣ ራሄል ትቀበላለች። አንዷ ከሌለች ዘፈኑ ግማሽ ነው።

ኩኩን ቁጭ ብድግ የሚያሰኛት ግን ሌላ ነገር ነው። ዘፈኑ የአባቷ ነው። ስለሱ ነው የጻፈችው፣ እሱ ግን አያውቅም። የፈለገችው አልቆ፣ አምሮ፣ የሆነ ቀን ጋቢና ውስጥ ሆኖ በሬዲዮ እንዲሰማው ነበር፣ እሷ በሌለችበት። እነሱ ቤት ናፈቅከኝ ምናምን አይባልም። እግር መታጠቢያ ውሃ ይቀርባል፣ በቃ።

ብድግ ብላ ትወጣለች። ፀሐዩ ፊቷን በጥፊ ይላታል። አባቷ ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ ምን ሆነሃል ዛሬ?"

"ምን ሆንኩ?"

"ድምፁ እየገባብን ነው አልኩህ እኮ።"

ፎጣውን ከአንገቱ ያወርድና ፊቱን ይጠርጋል። ከዚያ እሷን ሳያይ፣ "ማነው?"

"ማን ማነው?"

"ሹፌሩ። የምትዘፍኚለት።"

ኩኩ ክው ትላለች። ለካ ቁርጥራጩ በግድግዳው እያለፈ ይደርሰው ነበር። መሪ፣ ጭነት፣ የት ደረስክ። ለካ የሚመላለሰው ለዚህ ነው።

"እኔ ሹፌር አውቃለሁ፣" ይላል። "ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ይዣለሁ። እዚህ ምሳ፣ እዚያ እራት፣ በየከተማው አንድ አንድ ሆድዬ። መምህር ጠፋ? ነርስ ጠፋ?"

ሳቋ ሊያመልጣት ነው፣ ከሳቁ ኋላ ደሞ ሌላ ነገር አለ። "ታውቀዋለህ፣" ትለዋለች።

"ከዚህ መስመር ነው?"

"አዎ።"

"ምን ይነዳል?"

"አይሱዙ።"

"እንድሪያስ እንዳይሆን ብቻ። እሱ ሚሌ ሚስት አለው፣ ልንገርሽ።"

"ግባና ስማው በቃ።"

ይህን ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም። አባቷ ሸራ የለበሰውን ጭነት በስፖኪዮው ያየዋል። ቁልፉን ያየዋል። ደሞ ጭነቱን።

ያጠፋዋል። ሰፈሩ በአንዴ ጭር ይላል።

"አባዬ፣ ቲማቲሙ…"

"ይበስብስ። አማቼን ልወቅ።"

ጣሃ ዘንድ መቀመጫ የለም፣ ስለዚህ ከነሱ ጋር ጥግ ላይ ይቀመጣል። "ጋሽ ደጀን፣" ይላል ጣሃ በስፒከሩ፣ "ማውራት የለም፣ ማሳል የለም። ስልክዎንም ያጥፉልኝ።" ራሄል ቬንትሌተሩን ታጠፋለች። አባቷን አይታ፣ ኩኩን አይታ፣ በዓይኗ "አብደሻል?" ትላለች።

ኩኩ ትጀምራለች። የመጀመሪያውን ግጥም አባቷ ግንባሩን ቋጥሮ ነው የሚሰማው፤ ጉልበቱ ይርገበገባል፣ የመኪናው ቁልፍ እጁ ላይ ይንቃጨላል። ጣሃ ከመስታወቱ ወዲያ በእጁ ይለምነዋል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትቀጥላለች፣ አሁን ካቆመች ደግማ አትችለውም።

*ገዋኔ ደርሻለሁ፣ በሩን ዝጉ ይለናል፤*
*ከራሱ ድምፅ ይልቅ ሞተር ይሰማናል።*

ራሄል ትቀበላታለች። ገዋኔ ሲደርስ ሁሌ ይደውላል። ገዋኔ ደርሻለሁ፣ በሩን ዝጉና ተኙ። ሌላ ነገር ብሎ አያውቅም፣ እሱንም ሞተሩ እየበላው።

የቁልፉ ድምፅ ይጠፋል።

ኩኩ አንድ ዓይኗን ትገልጣለች። አባቷ ቁልፉን በጡጫው ጨብጦ ደረቱ ላይ ይዞታል፣ አንዷም እንዳትንቃጨል። አፉ ተከፍቷል። ሊናገር ይልና ጣሃን አይቶ ይዘጋዋል።

ዘፈኑ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። "እዚህ ግቢ ስንት ሰው አለ፣ መኪና የሚገፋ?" ይላል ለማንም ሳይሆን፣ ቀና ሳይል ይወጣል። ራሄል ነጠላዋን ይዛ ትከተለዋለች።

"ወላሂ ይሄኛው ነው፣" ይላል ጣሃ። "ብቻ መጨረሻው ላይ የሰው ትንፋሽ ገብቷል። ልቁረጠው?"

"ቆይ፣ አሰማኝ።"

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ትጫናለች። የራሄል ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ያልቃል። ከዚያ የአባቷ ትንፋሽ ይመጣል፣ ረጅም፣ መሃሉ ላይ የሚሰበር። "እንደገና፣" ትላለች። ጣሃ ይመልስላታል።

ከኋላው ሞተር የለም።