ጤነኛው ደም

በላቦራቶሪው ስድስት ዓመት ሙሉ «ጤነኛ» ሲባል የኖረው ደም የእሷ ነበር። ለማነጻጸሪያ ከውጭ የሚመጣው ናሙና እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የሰውነታቸው መከላከያ በራሳቸው ላይ የዘመተባቸውን ሕመምተኞች ደም በመረመረች ቁጥር የራሷንም ቀድታ ከጎን ታስቀምጣለች። የምርመራው ኬሚካል ተጨምሮበት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የታመመው አረንጓዴ ያበራል፤ የእሷ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ሰኞ ዕለት የእሷም አበራ።

«ኬሚካሉ ተበላሽቷል» ብላ የሁሉንም ውጤት ሰረዘች። ማክሰኞ አዲስ የኬሚካል ካርቶን አስከፈተች፤ አሁንም አበራ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ሞቆ ነው ብላ በመጋዘኑ ሰው ላይ የስድብ ናዳ አወረደችበት።

ረቡዕ ጠዋት የጠርሙሱ ክዳን አልከፈት ሲላት ባልደረባዋ ትርንጎ ተቀብላ ከፈተችላት።

«ጣቶችሽ ዛሬም እምቢ አሉ?»

«የሐምሌ ብርድ ነው ባክሽ። ይልቅ ዛሬ ያንቺን ደም እንሞክር፤ ክንድሽን አምጪ።»

ከትርንጎ ደም ጎን የራሷን፣ ስም ሳትጽፍበት አስቀመጠች። ምርመራው ሲያልቅ ማይክሮስኮፑ ላይ ቀድማ ያጎነበሰችው ትርንጎ ነበረች።

«ተመስገን፣ የኔ ጨለማ ነው! ኬሚካሉ ምንም አልሆነም እኮ።» ቀጥሎ ያለውን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «ውይ፣ ይቺ ምስኪን ደግሞ! እንዲህ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። ስም የለውም፤ የማን ነው?»

እሷ ባዶ የሕመምተኛ ቅጽ ሳበችና እስክሪብቶ አነሳች። ጣቶቿ አንጨብጥ አሏት።

«ቆይ፣ እኔ ልጻፍልሽ» አለች ትርንጎ። «ስሟን ንገሪኝ።»