በካፖርት የተጠቀለለው ባትሪ

የሳማት ሴት ልጅ ምጥ ይዟት ከኋላ ወንበር ላይ ታቃስት ነበር፤ አሮጌዋ ዚጉሊ መኪናው ግን በናሪን ከተማ ብርድ አንዴ አጉረምርማ ዝም አለች። ሳማት ቁልፉን ደጋግሞ አዞረው፤ ምንም። ማታ ባትሪውን ብርዱ እንዳይገድለው ፈቶ ቤት ማስገባት ረስቶ ነበር።

ያን ጊዜ ጎረቤቱ ጃፓር መጣ። በሠርግ ላይ ሥጋ በየማዕረጉ ሲያድል ከሳማት ለሚያንሱት የክብሩን ጭን ሰጥቶ ለሱ የዝቅተኛውን አንገት ያቀረበለት፣ ሳማትም ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ሰላም ያላለው ጃፓር። በሸሚዝ ብቻ ሆኖ፣ የተጠቀለለ ካፖርቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር።

«መኪናህም እንዳንተው አኩራፊ ናት» አለና ካፖርቱን ገለጠው። ምድጃ አጠገብ ያደረ የራሱ ባትሪ ነበር።

«ዛሬ በግ ለመሸጥ ገበያ ልትወጣ አልነበር?»

«በጎቹ ለመታረድ አይቸኩሉም። ይልቅ መፍቻ አቀብለኝ!»

ገመዶቹ ታሰሩ፤ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ። ሳማት ከመኪናው ወረደ። ካፖርቱን ከበረዶው ላይ አነሣና አራገፈው፤ ከዚያም ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው ከኋላ ዘርግቶ ያዘለት።

«ኧረ ምን ታለብሰኛለህ፣ ሂድ እንጂ! እዚሁ ትውለድልህ?» ብሎ ጮኸበት ጃፓር፤ ክንዱን ግን ወደ እጅጌው አስገባ።