ሐሩን ትታ የጆንያ መርፌ ያነሣችው ሴት

"ሦስት ነገር ብቻ! አራተኛ ብትነኪ ወየውልሽ!"

የሚጮኸው ዋለ ነው... የሚጮህባት ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ አዛለች ናት።

ዘመኑ የጃንሆይ፣ ቦታው ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ነው። ኅዳር የባተ ሰሞን።

አዛለች ፊት ቁርበት ተዘርግቶ የጥልፍ ዕቃዋ በሙሉ ተዘርግፎበታል።

ቀይ ሐር... አረንጓዴ ሐር... መቀስ... ቀጭን የጥልፍ መርፌ... ደንዳና የጆንያ መርፌ... አንድ ጥቅል ጥቁር ክር... ክር የሚታሽበት ሰም።

ከዚህ ውስጥ ሦስት መርጣ ትውጣ ተብላለች። ከበሬው፣ ከላሙ፣ ከጎተራው ግን ምንም!

ለምን? ዋለ አዲስ ልጃገረድ አይቷላ!

"ያገባኋት በደሞዝ ነው። በደሞዝ የገባች ሴት ንብረት አትካፈልም" ብሎ በሽማግሌ ፊት ማለ።

ነጭ ውሸት! የተጋቡት በሰማኒያ ነው፤ ያፈሩትን እኩል ሊካፈሉ፣ በምስክር ፊት።

ምስክሩ ማን ነበር ብትሉኝ... እዚያው የሽማግሌ አለቃ ሆነው የተቀመጡት ግራዝማች አያሌው!

ታዲያ ምን አሉ? ምንም። የዋለን ሙክት በልተዋላ!

"ሁሉም ዕቃ የማን ነው?" ብለው ዋለን ጠየቁት።

"የኔ! ሐሩም መርፌውም በገንዘቤ የተገዛ ነው!"

አዛለች ብድግ አለች። "ጌቶች፣ ስለ ሐሩ አንድ ቃል ልናገር..."

"ዝም በይ!" ግራዝማች በከዘራቸው መሬቱን መቱ። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!"

"ኧረ የሐሩ ባለቤት..."

"ዝም በይ አልኩሽ! ፈርደናል። ሁሉም የዋለ ነው። ለእንጀራሽ አዝነን ነው ሦስት የፈቀድንልሽ!"

አዝነው! እኔ ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

አዛለች ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ቁርበቱን አየችው።

ሁለቱን ሐር አንሥታ አርብ ገበያ ብታወጣቸው እስከ ክረምት የምትበላው እህል ይሆናታል። አልነካቻቸውም።

እጇ ወደ ቀጭኗ መርፌ ሄደ። በዚያች መርፌ ነው አገር የሚያውቃት... ግን አውድማ ደርሷል። ጥልፍ የሚያምረው ለጠገበ ነው፤ ጆንያና አቅማዳ የማይቀደድበት ገበሬ ግን የለም።

መቀሱንም ተወችው። ክር በጥርስም ይበጠሳል።

ደንዳናውን መርፌ፣ ጥቁሩን ክርና ሰሙን አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ዋለማ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው።

"አይ ሞኝ! ሐር ትታ የጆንያ መርፌ!"

አክስቷ ካሣነሽ ቤት ተጠጋች። ከአውድማ አውድማ እየዞረች ጆንያ ስትሰፋ፣ በእፍኝ ገብስ ሲከፈላት፣ ጣቷ እየደማ ታኅሣሥ ተጋመሰ።

አንድ ቀን ግራዝማች አያሌው በበቅሎ እየገሰገሱ መጡ። ገና ሳይወርዱ ጮኹ።

"አንቺ ሌባ! የልጄን ሐር የት አደረስሽው? ለጥር ሠርጓ ቀሚሷን ልትጠልፊላት እናቷ ሰጥታሽ የለ!"

አዛለች ከስፌቷ ቀና እንኳ አላለችም።

"ቀዩን ሐር ነው ጌታዬ?"

"አዎ ቀዩን!"

"እሱንማ እርስዎ ለዋለ ፈረዱለት እኮ።"

ግራዝማች ልጓሙን ለቀው ከበቅሏቸው ወረዱ...

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ጠላፊ ሴት ሐር አትገዛም። ሐሯን ይዛ የምትመጣው ቀሚስ አሠሪዋ ናት። ይህን የማታውቅ ሴት ወገዳ ውስጥ አልነበረችም። ወንዶቹ ግን ማጀት ውስጥ ምን እንደሚሠራ መቼ ጠይቀው ያውቃሉ!

"አ... አረንጓዴውስ?" ድምፃቸው ቀጠነ።

"የቤተ ክርስቲያን ነው። ለታቦቱ ጃንጥላ ዘርፍ የተሳለ ስለት። ዋለ ሁለቱንም ለእጮኛው ጥሎሽ ሰጥቷቸዋል።"

ስለት! ሰውዬው አማተቡ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሁለት ጊዜ ልናገር ጀመርኩ፣ ሁለት ጊዜ ዝም በይ አሉኝ!" አሁን ቀና ብላ አየቻቸው። "ሐሩን ብወስደው እስከ ክረምት እበላ ነበር። የሰው ነው ብዬ ተውኩት። እርስዎ ግን የኔን አልተዉልኝም!"

"በይ ተይው... ሽማግሌ ሰብስቤ ሐሩን አስመልሳለሁ..."

"ሐሩማ ይመለሳል፣ የእርስዎ ነዋ! የኔስ? ሠርጌ ላይ ምስክር የነበሩት እርስዎ አይደሉም? እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው እውነቱን ይናገሩ። ያኔ ለልጅዎ እጠልፍላታለሁ።"

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እንደ አዛለች የሚጠልፍ ደግሞ በአካባቢው የለም።

እሁድ ግራዝማች አያሌው በሕዝብ ፊት አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

"አዛለች በሰማኒያ የገባች ሚስት ናት። ምስክሩ እኔ ነበርኩ። እያወቅሁ ደብቄያለሁ።"

በሬውም፣ ላሙም፣ እህሉም እኩል ተከፈለ። የዋለ እጮኛ አባት "ስለት ቤቴ አያድርም" ብለው ሐሩን መለሱ፤ ልጃቸውንም ለዋለ ከለከሉት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው!

ግን ወዳጆቼ... ግራዝማች እውነቱን የተናገሩት ለአዛለች አዝነው እንዳይመስላችሁ!

የተነካው የገዛ ልጃቸው ሐር ስለሆነ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ሐር ቢሆን ኖሮ አዛለች እስከ ዛሬ ጆንያ ትሰፋ ነበር!

ትምህርቱ፦ ተበዳይን "ዝም በይ" ብሎ የሚፈርድ ሰው፣ ዝም ያሰኘው የራሱን ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ጆሮ ስጡ።

አዛለች ቃሏን ጠብቃ የግራዝማችን ልጅ ቀሚስ ጠለፈችላት። እናንተ ብትሆኑስ... ትጠልፉላት ነበር? ወይስ "ይበላችሁ!" ብላችሁ ትተዉት ነበር? እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።