የትርፌ ክኒን

«ይሄ ክኒን ምን ይሠራል?» ብሎ ባሏ ሲጮህባት የትርፌ እናት በእጁ ወደያዘው ብልቃጥ አየች። በማታ ትምህርት ፊደል መቁጠር ብትጀምርም የብልቃጡ ጽሑፍ የፈረንጅ ነው። የምታውቀው ልጇ ትርፌ በድብርት የአልጋ ቁራኛ ሆና፣ ማንኪያ ማንሳት አቅቷት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ክረምቱ ማለፉን ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ደሟ ቫይታሚን አጥሮታል፤ ክትትሏን ሳታቋርጥ ይህንንም ትዋጥ» ብላ ከሰጠቻት ወዲህ በየማለዳው ታስውጣታለች።

«ቫይታሚን ነው አሉኝ» አለች በፍርሃት።

«አንቺ ቀጣፊ! የእርግዝና መከላከያ እያስዋጥሽ ልጄን ልታባልጊያት ነው!»

ብልቃጡን ከግድግዳ ጋር አላተመው፤ ክኒኖቹ እንደ ሽምብራ ተበተኑ። በዱላ ትከሻዋን አላት፤ ደግሞ ግንባሯን ፈነከታት። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ በጉልበቷ ወደቀች።

«ንገሪኛ! ምን ይሠራል?» ብሎ ዱላውን እንደገና አነሳ።

ዱላው ግን አልወረደም። ከኋላው የከሳ እጅ ጨብጦታል።

ትርፌ ቆማለች። ዱላውን ነጥቃ ጫፉን ጉሮሮው ላይ ደገነችው። ዱላው አልተነቃነቀም።

«ይሄን ይሠራል፣ አባባ።»

ያን ቀን ከቤት የወጣው አባት ነው። እናትና ልጅ ከመሬት ክኒን እየለቀሙ ቀሩ።