በጓንት ልክ የተሠራ ቀለበት

አፈር ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ድሮ ጤነኛ ሰው የሚይዘው ከስንት አንዴ ነበር አሉ። በትርሲት ዘመን ግን ጠንካራ ደካማ ሳይል በቆዳ እየገባ መግደል ስለ ጀመረ፣ ጓንት የሚወልቀው ለመታጠብ ብቻ፣ ያውም ለብቻ፣ በር ተዘግቶ ነበር።

ትርሲት የባክቴሪያውን አዲስ ክትባት ተከትባ እንዲይዝላት ወር ሙሉ ስትጸልይ ሰነበተች፤ ዛሬ ጠዋት የምርመራዋ ውጤት ደረሰ፤ ይዞላታል። «ተመስገን!» ብላ ጓሮ ጎመን ወደሚኮተኩተው ባሏ ሮጠች። ጓንቷን አውልቃ፣ ቀለበቷን በባዶ ጣቷ አጥልቃ እጇን ዘረጋችለት።

ደምሰው በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር አይቶት የማያውቀውን መዳፍ ሲያይ አፉን ከፈተ።

«ይሄ ሁሉ መስመር ያንቺ ነው?»

«የማን መሰለህ?» ብላ እጇን ስታወናጭፍ ቀለበቱ ሾልኮ ጎመኑ ሥር ገባ። ሁለቱም ክው አሉ።

«አትንኪው! እኔ በጓንት ላውጣው።»

«ለዚህ አይደል እንዴ የተከተብኩት?» አለችና ተንበርክካ ጣቶቿን እርጥቡ አፈር ውስጥ ከተተች። አፈሩ ቀዘቀዛት፤ ደስም አላት። ቀለበቱን ካገኘችው በኋላ እንኳ እጇን ቶሎ አላወጣችም።

«ሰፋሽ እኮ» አለ ደምሰው ቅር ብሎት።

«ለጓንቱ አሠራህ እንጂ ለኔ መቼ አሠራህልኝ!» ብላ ሳቀች። ቀለበቱን በአውራ ጣቷ ብታደርገው ልክክ አለ።

«በቃ፣ ዛሬ ገና አገባኸኝ።»