ምላጩ በአባት ጉሮሮ ላይ

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በአባቱ ጉሮሮ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ክርክራቸው ገና አልበረደም ነበር። ምላጩ ነፋስን ለሁለት የሚሰነጥቅ፣ እጁም የመቶ ሺህ ሰው ጢም ላጭቶ አንዲት ጠብታ ደም ያላየ ነበር።

«እግዚአብሔርን የማይፈራ ልጅ አልወለድኩም» አሉ አባትየው ከአረፋው ውስጥ። «ዛሬ እፈራዋለሁ ካላልክ ደጄን እንዳትረግጥ!»

«እወደዋለሁ አልኩ እኮ፣ አባባ! የሚወዱትን ይፈሩታል እንዴ? እኔ አንበሳ ቢመጣ እንኳ ጢሙን ላጭቼ ነው የምሸኘው።»

«ወሬኛ!»

ምላጩ ግን ቆዳው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ልጅየው ሁለቴ አስጠግቶ ሁለቴ መልሶ አነሳው። አባትየው በመስተዋቱ አዩት።

«ምነው ጀግናው? እግዚአብሔር ይመታኛል ብለህ ፈራህ?»

«ኧረ የምን መምታት! እርስዎን እንዳላቆስል ነው» አለ ልጅየው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያጋንን።

 

«እኔ ደግሞ ፈጣሪን ስፈራ የኖርኩት እንዳይመታኝ ብቻ ነበር» አሉ አባትየው፣ እንደተቆጡ። ከዚያ አገጫቸውን ቀና አድርገው ጉሮሯቸውን ሰጡት።