ከመኪና መቆሚያው ሥር

ስርጉት ከእስካቫተሩ ፊት ቆማለች። አካፋው ከራሷ በላይ ተንጠልጥሏል፣ ሞተሩም አልጠፋም። በረጠበ የነጠላ ጫፍ የጠቀለለችውን ስልክ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች። የመተማ ዮሐንስ የመጋቢት ፀሐይ ገና በአራት ሰዓት ሰው ሊቀቅል ደርሷል፤ ስልክ ደግሞ ከሰው ቀድሞ ይሸነፋል። ከጋለ ይጠፋል፤ ዛሬ ከጠፋ ነገ ቢበራ ምንም አይፈይድላትም።

የሥራው ተቆጣጣሪ ደምለው ከሜዳው ማዶ፣ ከሣር ዳሱ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር ሆኖ ወረቀት ያውለበልባል። ፈቃድ አለው፣ ማኅተም አለው። ሜዳው ወደ ሱዳን ለሚሻገሩ ከባድ መኪኖች መቆሚያ ሊሆን ነው፤ ዛሬ የአጥሩ መሠረት ይቆፈራል። ታሪክ ማስተማር ከፈለገች ክፍሏ ገብታ ታስተምር፣ ፖሊስ ሳይጠራባት ዞር ትበል ይላታል። ከተናገረው ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም፤ እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

መሠረቱ በሚያልፍበት መስመር ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተኝተዋል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በሰሊጥ አጨዳ ወረርሽኝ ገብቶ፣ ከደጋ ለሥራ የወረዱ የቀን ሠራተኞች በሦስት ቀን ውስጥ ረገፉ። የከተማው ነዋሪ ሐጂ መሐመድ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። ክርስቲያኑን እንደ ክርስቲያን፣ ሙስሊሙን እንደ ሙስሊም አጋድመው አንድ ሜዳ ላይ ቀበሯቸው። ምልክት ብለው የተከሉትን ድንጋይ ሰው ለቤቱ መሠረት ለቅሞ ጨረሰው። ከተማው በንጉሥ ስም ይጠራል፤ ሰሊጥ ሊያጭዱ መጥተው የቀሩትን ግን የሚያነሣቸው የለም።

አምና ሐጂው ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሜዳውን በእርምጃ እየለኩ፣ አንድ በአንድ አሳዩአት። እሷና ተማሪዎቿ ቦታ ቦታውን ስልኩ ላይ መዘገቡ፤ ካሜራውን ወደ ሜዳው ላዞረ ሰው እያንዳንዱ መቃብር በነበረበት ቦታ ስክሪኑ ላይ ተስሎ እንዲታየው አደረጉ። ሐጂ መሐመድ በክረምቱ ዐረፉ። ስርጉት ስልኩን ይዛ ቢሮ ለቢሮ ዞረች። ያየው ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው እያለ መለሳት።

ዛሬ ደምለውን መለመን ትታለች። ቀና ብላ ኦፕሬተሩን ታያለች። ታደገ ይባላል፤ ማሽኑን ይዞ ትናንት ማታ የገባ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ወርደህ እይልኝ» ትለዋለች። «አይተህ ከቆፈርህ እኔ ዞር እላለሁ።»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ቃል ቃል ነው፤ ዞር ማለቷ አይቀርም።

ታደገ ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል። በፀሐይ ስክሪኑ አይታይምና ሜዳውን አቋርጠው ወደ ራኩባው ይሄዳሉ። ደምለው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» እያለ ያሾፋል፤ እሱም ግን በታደገ ትከሻ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። ስርጉት ነጠላውን ትፈታለች። ስልኩ እጇን ያቃጥላታል፤ የሙቀት ማስጠንቀቂያው ወጥቷል። አንሥታ ወደ ሜዳው ታዞረዋለች።

መጀመሪያ የሚታየው ደረቅ ሣርና ፌስታል ነው። ከዚያ አንዱ አፈር ከፍ ይላል፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። የተከመሩ መቃብሮች፣ ገሚሱ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ገሚሱ አገዳደሙ የተለየ፣ ከእያንዳንዱ በላይ አንድ ቃል። ታደገ ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ በዝግታ ያዞራል። ዳውንት። ቋሪት። ሊቦ። ደላንታ።

«ምነው ስማቸው የአገር ስም ሆነ?» ይላል ታደገ።

«የሚታወቀው እሱ ብቻ ነበራ» ትለዋለች።

ይህን ለማንም ቆላ ለወረደ ሰው ማስረዳት አያሻም። አጨዳ ላይ ሰውን በስሙ የሚጠራ የለም፤ ካቦው ከመጣበት ወረዳ ጋር አንዴ ካያያዘው በዚያው ይቀራል። ዳውንት ውኃ አምጣ፣ ቋሪት ነዶ ሰብስብ ይባላል። ጓደኛ ቢኖረው ስሙን ይናገርለት ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ጓደኛውም በማግስቱ ተከተለ።

የታደገ እጅ አንድ መቃብር ላይ ቆሟል። ከበላዩ ያለው ቃል ስማዳ ይላል።

«እኔንም ስማዳ ነበር የሚሉኝ» ይላል ቀስ ብሎ። «አብርሃ ጅራ ላይ ሦስት ዓመት አጭጃለሁ። ስሜን የጠየቀኝ አልነበረም።»

ስክሪኑ ጨለመ። ስርጉት ስልኩን ነጥቃ ትጫነዋለች፣ ትነፋበታለች፣ በነጠላው ትጠቀልለዋለች። አይነሣም። ሜዳው ያው ደረቅ ሣርና ፌስታል ነው። ደምለው ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ በል እንግዲህ፣ ያለቀ ነገር ነው፣ ወደ ሥራህ ይለዋል።

ታደገ የዚያ የስማዳው ሰው ትክክለኛ ስም በጭራሽ አይታወቅ እንደሆነ ይጠይቃታል። አይታወቅም ትለዋለች። አንገቱን ነቅንቆ ወደ ማሽኑ ይዞራል። እሷ አልቅሳ ልትከተለው ፈልጋ ቃሏ ያዛት።

ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ጥቂት ሄዶ ወደ ግራ ተመለሰ፣ ምንም የማይታይበትን መሬት ዞሮ አለፈ። ሌላውንም ዞረው። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ማሽኑ ላይ ሲወጣ አካፋው ወዴትም አልተነቃነቀም፤ ሞተሩ ተንተፋተፈና ዝም አለ።

ደምለው ስሙን እየጠራ ይጮኻል። ወረቀቱን እንደያዘ ከራኩባው ይወጣና በቀጥታ ወደ ማሽኑ ያመራል። ሜዳው መሐል ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ፤ የት እንደሚያሳርፈው ቸግሮት መሬት መሬቱን ያያል።